ማዕበሉን ከመፈለጋችሁ በፊት መውጫውን ፈልጉ



ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከዓሱር ሰላት በኋላ አራት የሠፈራችን ልጆች መስጂዱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ትልቁ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁሉም በልጅነታቸው መድረሳ ያስቀራናቸው ናቸው። "ኡስታዝ፣ አንድ ነገር እናሳይዎት" አሉንና ስልክ አቀረቡልን።

ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው ወንዝ መሐል ረጅም ሰሌዳ ላይ ቆሟል፤ እጁ ላይ መቅዘፊያ ይዟል። ውኃው ከሥሩ በኃይል ይወርዳል፤ እሱ ግን ወደ ታች አይወሰድም። ማዕበሉ እዚያው ነው፣ ሰውዬውም እዚያው ነው። ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እኛም ደጋግመን አየነው። ሱብሃነላህ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ከዚያ ትልቁ ልጅ "እኛም ሠርተናል" አለን። ቆሼ የማይገኝ ነገር የለም፤ የዕቃ ማሸጊያ የነበረ ወፍራም ነጭ ፎም አግኝተው በላስቲክ ጠቅልለው፣ በፕላስተር አጥብቀው ሰሌዳ አድርገውታል። መቅዘፊያውን ከመጥረጊያ እንጨትና ከተቆረጠ ጀሪካን ሠርተዋል። ከድልድዩ በታች ጎርፉ ሲሞላ ልክ እንደ ቪዲዮው ዓይነት ማዕበል ይነሣል አሉን። ሊሞክሩት ቆርጠዋል። ወደ እኛ የመጡት ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ኡስታዝ፣ ሐራም ነው እንዴ?"

እኛ ደግሞ በጥያቄ መለስንላቸው። "ከእናንተ ውስጥ መዋኘት የሚችል ማነው?" አልናቸው። ተያዩ። አንዱ እጁን ግማሽ ድረስ አነሣና "ትንሽ ትንሽ" አለ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያ "ትንሽ ትንሽ" ምክንያት ነው። የዚያን ዕለት "አይሆንም" ብለን መለስናቸው። ግን "አይሆንም" ብቻውን ወጣትን እንደማያቆም እናውቃለን፤ እኛም ወጣት ነበርን። ስለዚህ ነገሩን አጠናነው፤ ይህ ስፖርት ምንድን ነው፣ የሚያውቁት ሰዎች እንዴት ይሠሩታል፣ ምኑስ ይገድላል ብለን ጠየቅን። ያገኘነውን ባጭሩ ስንናገረው፦ ቪዲዮው የሚያሳየን ሰውየው ማዕበሉ ላይ ሲቆም ነው። የማያሳየን ከወደቀ በኋላ የት እንደሚወጣ ነው። ስፖርቱን የሚያውቅ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ከማይታየው ነገር ነው።

▪️ ማዕበሉ ለምን አይሄድም?

የባሕር ማዕበል ይጓዛል፤ ከሩቅ ተነሥቶ ዳርቻ ላይ ይሰበራል። የወንዝ ማዕበል ግን ባለበት ይቆማል፤ የሚጓዘው ውኃው ነው። ፈጥኖ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ዘገም ካለና ጥልቅ ከሆነ ውኃ ጋር ድንገት ሲገናኝ ወደ ላይ ይነሣል። ከሥር ያለው ድንጋይ ወይም ደረጃ እስካልተለወጠና የውኃው መጠን እስካልተቀየረ ድረስ ማዕበሉ እዚያው ይቆያል። ሰሌዳው በማዕበሉ ፊት ቁልቁል ሊንሸራተት ይሞክራል፤ ውኃው ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ሰውየው የቆመ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማዕበል እንዳለ እወቁ። አንዱ ፊቱ ለስላሳ፣ እንደ ኮረብታ ክብ ብሎ የሚነሣ ነው፤ ከሱ ላይ የወደቀን ሰው ውኃው ተሸክሞ ወደ ታች ያሳልፈዋል። ሁለተኛው አናቱ ተመልሶ ወደ ላይኛው አቅጣጫ የሚጠቀለል፣ ነጭ አረፋ ብቻ የሆነ ነው። ይኼኛው የወደቀበትን አያሳልፍም፤ ወደ ታች ይደፍቀዋል፣ ያወጣዋል፣ መልሶ ይጎትተዋል። አረፋው አየር የበዛበት ስለሆነ ሰውን እንደ ንጹሕ ውኃ አያንሳፍፍም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ በተሠራ አጭር ግድብ ወይም የሲሚንቶ ደረጃ ሥር የሚፈጠረው ነው፤ በጎን በኩል ማምለጫ የለውም። ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ ይመስላል። የነፍስ አድን ሠራተኞች "የማስጠሚያ ማሽን" የሚሉት ይህን ነው። ከድልድይ በታች ያለው ማዕበል ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንዲህ ካለው ግንባታ ነው።

ስለ ውኃ ጉልበትም አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰውን የሚገፋበት ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ከጉልበት ያልዘለለ ጎርፍ ጠንካራ ጎልማሳን የሚጥለው። አበው "ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ያሉት ይህን አይተው ነው።

▪️ የሚያውቁትም ይሞታሉ

በጀርመን ሙኒክ ከተማ መሐል አይስባኽ የሚባል ጠባብ ወንዝ አለ። የዚያ ቦታ ማዕበል በዓለም የታወቀ ነው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎች ሰሌዳ ይዘው ሲቆሙበት ኖረዋል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ፈቅዶላቸዋል። ድልድይ ላይ ሆኖ የሚያይ ሕዝብም አይጠፋም ነበር። ይህን ያህል የታወቀ፣ ይህን ያህል የተለመደ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 አንዲት የ33 ዓመት ሴት በሌሊት እዚያው ማዕበል ላይ ሳለች ወደቀች። ሰሌዳውን ከእግሯ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ወንዙ ሥር የሆነ ነገር ያዘው። ውኃው ይገፋል፣ ገመዱ አይለቅም፤ መነሣት አቃታት። አብሯት የነበረ ሰው ሊያወጣት ሞክሮ አልቻለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አወጧት፤ ከቀናት በኋላ ግን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ከተማው ማዕበሉን ለወራት ዘጋው። ሲከፍተውም በሌሊት መግባትን ከለከለ፤ ገመድ የሚያስር ሰው ራሱን የሚፈታ ዓይነት ብቻ እንዲጠቀም አዘዘ።

እዚያው ወንዝ ላይ በዚያው ዓመት መጸው ሌላ ነገር ሆነ። የወንዙ ወለል በየዓመቱ እንደሚደረገው ተጠረገ፤ ውኃው ሲለቀቅ ማዕበሉ አልተነሣም። ጠፋ። ከላይ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም ነበር፤ የተለወጠው ከሥር ነው። ወንድሞቻችን፣ ይህን አስቡት። ሠለጠነ በሚባል ከተማ፣ በየዓመቱ በሚጠረግ ወንዝ፣ ከሥር ያለው ነገር ማዕበሉን ያጠፋል፣ ሰውንም ይዞ ያስቀራል። የእኛ ወንዝ ሥርስ ምን አለ?

ከኛ ቀረብ ስንል በኡጋንዳ ጂንጃ አካባቢ ነጭ ዐባይ ላይ "ናይል ስፔሻል" ወደሚባል ትልቅ ማዕበል ካያክ ቀዛፊዎች ከዓለም ዙሪያ ይመጡ ነበር። የኛም ወንዞች በዚህ ዓለም አይታወቁም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን ዐባይን በጎማ ጀልባ ሊወርድ መጣ። ወታደሮች ናቸው፣ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ ወደ ዐባይ የሚገባ ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከዐባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀናት ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኦሞና አዋሽም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጎማ ጀልባ ጉዞ ተደርጎባቸዋል። እነዚህ ሁሉ ላይፍ ጃኬት አላቸው፣ ሄልሜት አላቸው፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርሱ ከጀልባ ወርደው በእግራቸው ዳር ዳሩን ሄደው ፊት ለፊታቸው ያለውን ያያሉ። ካልጣማቸው ጀልባውን ተሸክመው ያልፋሉ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ሙያ ነው።

▪️ የሚያውቁት እንዴት ይገባሉ?

ይህን የምንዘረዝረው እንድትገቡ አይደለም። በቪዲዮው አሥራ አምስት ሴኮንድ ውስጥ ያላያችሁትን እንድታዩ ነው። አንድ ቀን በትክክለኛው ቦታ ከትክክለኛው አስተማሪ ጋር ዕድሉን ካገኛችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

1ኛ፦ ይዋኛሉ። "ትንሽ ትንሽ" አይደለም። ጸጥ ባለ ውኃ ብቻ ሳይሆን በሚወርድ ውኃ ውስጥም መዋኘትን ተምረዋል።

2ኛ፦ ቦታውን ከዳር ሆነው ያጠናሉ። እንጨት ጥለው የት እንደሚሄድ ያያሉ። ማዕበሉ ውስጥ ተይዞ የሚሽከረከር ከሆነ አይገቡም። ከማዕበሉ በታች ሰፊና ጸጥ ያለ፣ በቂ ጥልቀት ያለው ውኃ መኖር አለበት፤ የወደቀ ሰው የሚወጣው እዚያ ነው። ከታች ድልድይ፣ ቱቦ፣ የወደቀ ዛፍ ወይም ሽቦ ካለ ቦታው አይሆንም። ውኃ በቅርንጫፍና በሽቦ መሐል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም፤ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

3ኛ፦ ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት ያደርጋሉ። ላይፍ ጃኬት በልክ የሚታሰር ነው። ጀሪካን ወይም ፎም ማቀፍ ላይፍ ጃኬት አይባልም፤ ውኃው መጀመሪያ የሚነጥቃችሁ እሱን ነው።

4ኛ፦ በወንዝ ላይ ሰሌዳን ከቁርጭምጭሚት ጋር አያስሩም። ገመዱ ድንጋይ ወይም ሥር ከያዘው ሰውየው ጎንበስ ብሎ እግሩን መፍታት አይችልም፤ የውኃው ግፊት አያስደርሰውም። ካሰሩም ወገብ ላይ ነው፤ አንዴ ሲጎተት በሚፈታ መቆለፊያ፣ በሁለቱም እጅ መፍታትን ተለማምደው። ሙኒክ ላይ የሆነውን አትርሱ።

5ኛ፦ ብቻቸውን አይገቡም። ከማዕበሉ በታች ዳር ላይ የውርወራ ገመድ የያዘ ሰው ይቆማል፤ ገመዱን በእጁ ላይ አይጠቀልልም፣ ከራሱም ጋር አያስርም። ከላይ ደግሞ የሚመጣውን ግንድና የውኃውን መጨመር የሚያይ ሌላ ሰው አለ። ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ሰው ጠባቂ አይደለም።

6ኛ፦ መውደቅን ተለማምደዋል። በጭንቅላት አይዘሉም፤ በጎን ወይም በጀርባ ጠፍጠፍ ብለው ይወድቃሉ። በሚወርድ ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክሩም። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ እግር በድንጋይ መሐል ይያዝና ውኃው ሰውየውን በፊቱ ይደፋዋል። በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን ወደ ታችኛው አቅጣጫ ዘርግተው፣ ጣቶቻቸውን ከውኃው በላይ አድርገው ይሄዳሉ። ከዚያ በሰያፍ ወደ ዳር ይዋኛሉ።

7ኛ፦ በደረጃ ተምረዋል። መጀመሪያ ሐይቅ ላይ ተንበርክከው፣ ቀጥሎ ቆመው፣ ቀጥሎ ቀስ በሚል ጅረት፣ ማዕበል የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የምናየው ሰውዬ የሚስቀው ብዙ ጊዜ ስለወደቀና ብዙ ጊዜ ስለወጣ ነው።

▪️ የኛ ወንዝ ለምን አይሆንም?

እንግዲህ ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ ድልድያችን እንሂድ። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተነሥቶ በምዕራብ አዲስ አበባ አልፎ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። እሱም ሆነ ወደ እሱ የሚገቡት ጅረቶች በበጋ በድንጋይ ላይ ተረግጠው የሚታለፉ ናቸው። በክረምት ግን ላይ ተራራው ሲዘንብ እኛ ጋ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ሳይነግረን ይደርሳል። ለማዕበሉ የሚስማማ ውኃ የሚባል መጠን የለውም። ሲመጣ ማዕበል፣ ሲጨምር ግድግዳ ነው።

ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ይነገድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ብዙዎቹ በተኙበት ነው። አላህ ይማራቸው።

የኛ ወንዝ ሥር ደግሞ ፌሮ አለ፣ የተሰበረ ጠርሙስ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ማዳበሪያ ጆንያ አለ። ይህን ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቆሼ ያደገ ልጅ ሰው የጣለው ነገር የት እንደሚሄድ ያውቃል። ከማዕበሉ በታች ጸጥ ያለ ውኃ የለም፤ ያለው ሌላ ድልድይና ሌላ ቱቦ ነው። ዳሩ የድንጋይ ግንብ ስለሆነ የሚያዝ ነገር የለውም። ውኃው ራሱ የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ነው፤ አንድ ጉንጭ ብትውጡ ታይፎይድና ተቅማጥ ነው፣ ቁስል ካላችሁ ያመረቅዛል። ከሰባቱ ነገሮች አንዱንም አያሟላም። አንዱንም!

እዚህ ላይ አንድ የሚከብደንን ነገር እንናገር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ጀናዛ ተከትለን ስንመለስ ሌላ ጀናዛ ይጠብቀን ነበር። ክምሩ ለዓመታት ከቤታችን አጠገብ ነበር። በየቀኑ ስለምናየው የሚንቀሳቀስ አልመሰለንም። ከዚያ ያገኘነው አንድ ትምህርት ይህ ነው፦ የለመዱት አደጋ አደጋ መምሰሉን ያቆማል እንጂ አደጋ መሆኑን አያቆምም።

ግን ልዩነቱንም እንናገር፣ ሐቅ ነውና። እነዚያ ሰዎች እዚያ የኖሩት ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ማንም እነሱን የሚወቅስበት አፍ የለውም። ወንዙ ግን የግድ አይደለም። ድህነት ያላስገባን ቦታ ውስጥ በገዛ እግራችን ለአሥራ አምስት ሴኮንድ ቪዲዮ ብለን መግባት የለብንም። የቆሼ እናት አንድ ጊዜ በበቂ ሁኔታ አልቅሳለች።

▪️ "ቀደር ነው" ለምትሉ

ከልጆቹ አንዱ "አጀል ከደረሰ ቤት ተቀምጦም ይሞታል" አለን። እውነት ነው፣ አጀል በአላህ እጅ ነው። ግን ይህ ልጅ መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ ያያል፤ ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል። ቀደርን ያመነ ሰው ሰበቡን ያደርሳል፤ ከዚያ ይመካል። ሰበብን ትቶ ተወኩል ማለት ተወኩል አይደለም፤ ስንፍናን በዲን ቃል መሸፈን ነው።

ሌላው ደግሞ "ሰጥሞ የሞተ ሸሂድ ነው አይደል?" አለን። ዑለሞች ሰምጠው የሞቱትን ከሸሂዶች ተርታ መቁጠራቸው ለቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ አላህ ለተጎዳ ባሪያው ያዘነው እዝነት ነው። ለመዝለል የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ነፍስ አማና ናት፤ ባለቤቷ ሳይፈቅድ የምንወራረድባት ንብረት አይደለችም። "ሐራም ነው እንዴ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁንም መልሳችን ይኸው ነው። ስፖርቱ ሐራም አይደለም፤ ሰውነትን ያጠነክራል፣ ልብን ያነቃል። መዋኘት ሳይችሉ፣ ጠባቂ ሳይኖር፣ የሞላ ጎርፍ ውስጥ በፎም መግባት ግን ስፖርት አይደለም፤ ራስን ለጥፋት መስጠት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ጓደኛችሁ ቢወድቅ ተከትላችሁ አትዝለሉ። በውኃ አደጋ ሁለትና ሦስት ወንድማማቾች አብረው የሚሞቱት በዚህ ነው። እንጨት ዘርጉ፣ ገመድ ወይም ነጠላ ወርውሩ፣ የሚንሳፈፍ ጀሪካን ጣሉለት፣ በዳር እየሮጣችሁ ሰው ጥሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከዘጠና በመቶ በላዩ እንደኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ውኃው እዚህ የበለጠ ክፉ ሆኖ አይደለም። መዋኘት ያስተማረን ስለሌለ ነው።

▪️ ታዲያ ምን እናድርግ?

"አይሆንም" ብሎ መሄድ ቀላል ነው። እኛ ግን ለእነዚያ ልጆች ዕዳ አለብን ብለን እናምናለን፤ ይህ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ውኃ ላይ መቆም ቢያምረው ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ የሚማርበት ቦታ ሳናዘጋጅለት ስንቀር የኛ የታላላቆቹ ነው።

ለዒድ ሽርሽር አውቶቡስ እንከራያለን፤ ላንጋኖ እንሄዳለን፣ ሐዋሳ እንሄዳለን፣ ቢሾፍቱ እንሄዳለን። ጥሩ ነው። ግን አንድም የሚዋኝ ሰው ሳንመድብ፣ አንድም ላይፍ ጃኬት ሳንይዝ ነው የምንሄደው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ሳይርቁ ወለሉ ይጠፋል። ላንጋኖ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፤ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጣናና ዝዋይ ብልሃርዚያ አለባቸው፤ ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ጉማሬ አለ፤ ጫሞና አዋሽ አዞ አለ። የምንሄድበትን ውኃ የአካባቢውን ሰው ሳንጠይቅ አንግባ።

ለጀመዓ ሽማግሌዎችና ለወላጆች የምንለው ይህ ነው። በሚቀጥለው ዒድ ለምግብ ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ቀንሰን ለመዋኛ ገንዳና ለአንድ አሠልጣኝ እናድርገው። ለወንዶች ሰዓት፣ ለእህቶቻችን ለብቻቸው ሰዓትና ሴት አሠልጣኝ እናመቻች፤ ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡትና ውኃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ እነሱም ይሰጥማሉ። ክረምት ሳይገባ በመድረሳ አንድ ቀን ስለ ጎርፍ ይነገር። ወረዳችን ድልድዮቹ ላይ አጥር እንዲያደርግ በጽሑፍ እንጠይቅ።

ለወጣቶች ደግሞ፦ ቪዲዮ ስታዩ አንድ ጥያቄ ልመዱ። "ይህ ሰው ቢወድቅ የት ይወጣል?" በሉ። መልሱን ቪዲዮው ውስጥ ካላገኛችሁት፣ መልሱን ቦታው ላይ ካላያችሁት፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ወደ ኋላ በመመለሱ ጀናዛው የተሰገደበት ሰው የለም።

አራቱ ልጆች ሰሌዳቸውን አምጥተው ሰጡን። አሁንም መድረሳው ጓሮ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሕፃናቱ አንዳንዴ መሬት ላይ አንጥፈው ይቆሙበታል። ትልቁ ልጅ ሲያስረክበን "ኡስታዝ፣ መዋኘት ካስተማራችሁን እንመልሰዋለን ብላችኋል፤ ቃል ነው" አለን። ቃል ነው። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ቃላችንን ገና አልፈጸምንም። ይህን ያነበበና መዋኘት የሚያውቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓቱን መስጠት የሚችል ወንድም ወይም እህት ካለ ከሰላት በኋላ መስጂድ ይፈልገን። ልጆቹም እኛም እንጠብቃለን።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ከውኃም ከእሳትም ይጠብቀን። የሞቱብንን ይማርልን። አሚን።

ላልሰሙት አሰሙ፤ በተለይ ወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ።